በስህተት የነገሠው የጎመን ንጉሥ

ኤበርሃርት ሜርክሌ ዕድሜውን ሙሉ ሮይትሊንገን በምትባል የደቡብ ጀርመን ከተማ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ጡረታ በወጣ ማግስት ወንበር ስቦ ወጥ ቤቱ መስኮት ሥር ተቀመጠ፤ ከዚያ ወዲህ ተነሣ ለማለት ያስቸግራል። ከመስኮቱ ፊት ለፊት ፌርማታ አለ። አውቶቡስ ሲመጣ ሰዓቱን ያያል፤ «ዘገየ» ይላል፤ ዝም ይላል። አውቶቡሱ በሰዓቱ የመጣ እንደሆነ ጭራሽ አይናገርም። ሚስቱ ሮስቪታ «እንቁላሉ እንዴት ነው?» ስትለው ራሱን ይነቀንቃል። «ልጃችን ደውላ ነበር» ስትለው ራሱን ይነቀንቃል። አንድ ቀን ደሟ ፈልቶ «ኤበርሃርት፣ ቤቱ እየተቃጠለ ነው!» ብትለው፣ ራሱን ነቅንቆ ወደ መስኮቱ ዞረ።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ ሮስቪታ ራሷ ናት። እኔ ቪብከ እባላለሁ። ብሬመን ተወልጄ ብሬመን እያረጀሁ ያለሁ፣ በአንድ የቧንቧ ጅምላ መጋዘን ጭነት የማስወጣ ሴት ነኝ። ቀኑን ሙሉ ከጭነት መኪና ሹፌሮች ጋር ስጨቃጨቅ ስለምውል ድምፄ ትልቅ፣ ትዕግሥቴ ትንሽ ነው። ከኤበርሃርት ጋር የተዋወቅነው በስህተት ነው፤ ስህተቱ የማን እንደሆነ ዛሬም ድረስ እንከራከራለን።

ሮስቪታ ባሏን ከዚያ መስኮት ለማላቀቅ ያልሞከረችው ነገር አልነበረም። በመጨረሻ ባቡር ከቤታቸው በጣም አርቆ የሚወስደው የት እንደሆነ ጠየቀች፤ ብሬመን ጥሩ ነው አሏት። ለጥቂት ቀን ሆቴል ያዘች። ባቡሩ ውስጥ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ሐሳቧን ሳትደብቅ ነገረችው።

«ስማኝ ኤበርሃርት። እየዞርን እናያለን፣ ጥሩ ጥሩ ምግብ እንበላለን፣ እናወራለን። ስንመለስ እንደገና እዚያ ወንበር ላይ ተጎልተህ ዝም የምትል ከሆነ፣ እኔ ሻንጣዬን ይዤ ኡልም ከተማ እህቴ ዘንድ ነው የምሄደው። ለጥየቃ እንዳይመስልህ። ለኑሮ ነው።»

ኤበርሃርት ሰዓቱን አየ። «ይሄ ባቡር ዘግይቷል» አለ።

የመጀመሪያውን ቀን እንዲህ አሳለፉት። ማዘጋጃ ቤታችን አጠገብ ያለውን የነሐስ አህያ ለማየት ሄዱ። የአህያውን ሁለት የፊት እግሮች በሁለት እጅ ይዞ የተመኘ የልቡ ይደርስለታል ይባላል፤ በአንድ እጁ ብቻ የያዘውን ግን እኛ ብሬመኖች አህያ አህያን ጨበጠ ብለን እንስቅበታለን። ሮስቪታ በሁለት እጇ ግጥም አድርጋ ይዛ ተመኘች። ምን እንደተመኘች መናገር አያስፈልግም። ዞር ስትል ባሏ ለአህያውም ለማዘጋጃ ቤቱም ጀርባውን ሰጥቶ የትራም ፌርማታውን ያያል።

«ዘገየ» አለ።

ከዚያ ወደ ካቴድራሉ አደባባይ ሄዱ። እዚያ ከድንጋዮቹ መካከል መስቀል የተቀረጸበት አንድ ድንጋይ አለ። ድሮ ብዙ ሰው በመርዝ የጨረሰች ሴት አንገቷ የተቀላበት ቦታ ስለሆነ፣ ከረባት ያሰረ ሰው ሳይቀር በዚያ ሲያልፍ እንትፍ ብሎበት ነው የሚሄደው። እኔም ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ እተፋበታለሁ፤ ቀኑን ቀለል ያደርግልኛል። ኤበርሃርት አንዲት ሽማግሌ ወይዘሮ ጓንታቸውን አስተካክለው ሲተፉ አይቶ ደርቆ ቀረ።

«መንገድ ላይ መትፋት ክልክል ነው» አለ።

የሮስቪታ ልብ ዘለለ። አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር! «እዚህ ይፈቀዳል፤ ባህል ነው እኮ። በል አንተም ትፋ!» አለችው። እምቢ አለ። እሷ ነገሩ እንዳይቀዘቅዝባት ብላ ተፋች። ኤበርሃርት ቲኬት ሳይቆርጥ እንደተሳፈረ ሰው አያትና አፉን ዘጋ። ማታ ከማዘጋጃ ቤቱ ሥር ባለው ምግብ ቤት ዓሣ አዘዘችለት፤ ግማሹን በላ። በማግስቱ ጠባቦቹን የድሮ መንገዶች አዞረችው፤ «አውቶቡስ አይገባም» አለና አበቃ። በሦስተኛው ቀን ሮስቪታ ለእህቷ ደውላ ትርፍ ክፍሉን አጽድታ እንድትጠብቃት ነገረቻት።

የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ለቅዳሜ ረፋድ ከተማውን በእግር የሚያስጎበኝ ሰው አስቀድማ ይዛለች። ሰዎች ከመናፈሻው የነፋስ ወፍጮ ሥር ይሰበሰባሉ፤ መሪው በሰዓቱ መጥቶ ይዟቸው ይሄዳል ተብሏል።

በዚያው ቅዳሜ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ወፍጮ ሥር እኔም የራሴን ሰዎች ይዤ ቆሜ ነበር።

እኛ ሰሜኖች ብርዱ ሲጠና ጎመን ፍለጋ እንዘምታለን። የመሥሪያ ቤት ሰው ተሰባስቦ፣ አረቄ የጫነ የእጅ ጋሪ እየጎተተ፣ እየጠጣና እየተጫወተ በሜዳው አቋርጦ እስከ አንድ የገጠር ምግብ ቤት በእግሩ ይሄዳል። እዚያ ጎመን በቋሊማና በአሳማ ሥጋ ይበላል። ከሁሉ አብልጦ የበላ የጎመን ንጉሥ ይባላል። ንግሥናው ክብር ነው ይባላል እንጂ ቅጣት ነው፤ የነገሠ ሰው የሚቀጥለውን ዓመት ጉዞ ማሰናዳት አለበት። ባለፈው ዓመት የነገሥኩት እኔ ነበርኩ። ቋሊማው ጣፍጦኝ ሳላስብበት ሁለተኛ ሳህን አነሣሁ፤ ዓመቱን ሙሉ ሳማርር ኖርኩ።

ስለዚህ ያን ቀን መጥረጊያ እንጨት ጫፍ ላይ አንድ እግር ጎመን አስሬ፣ እንደ ባንዲራ ከፍ አድርጌ ቆሜያለሁ። የመጋዘናችን ሰዎች አሉ። ከብሬመርሃፈን ቅርንጫፋችን የሚመጡ፣ ፊታቸውን አይቼው የማላውቅ አዳዲስ ሰዎችም አሉ። ሰዓቱ ልክ ሲደርስ፣ አንድ ግራጫ ጃኬት የለበሰ ረጅም ሰውና አንዲት ደልደል ያለች ሴት መጥተው ከሰልፉ መጨረሻ ቆሙ። ቱሪስት ናቸው ብዬ ለቅጽበት እንኳ አልጠረጠርኩም። ብርድ ውስጥ፣ ቅዳሜ፣ ሰከንድ ሳያዛንፍ የመጣ ሰው የሥራ ሰው ነው። ከብሬመርሃፈን ናቸው አልኩ። የብሬመርሃፈኖቹ ደግሞ የብሬመን መጋዘን ሰዎች ናቸው ብለው ነበር።

«ባንዲራው ጎመን ነው እኮ» ብላ ሴትየዋ ባሏን ስትጎሽመው ሰምቻለሁ። ሰውየው ሰዓቱን አየ።

ለሁሉም ሰው በገመድ የታሰረች የአረቄ ብርጭቆ አንገቱ ላይ እያጠለቅሁ መጥቼ ለእሱም አጠለቅሁለት። ብርጭቆዋን በሁለት ጣቱ አንሥቶ መረመራት።

«ይቅርታ እመቤት፣ ይህ ከክፍያው ጋር የተካተተ ነው?» አለኝ።

«ሁሉም ተካቷል፤ ጋሪውም፣ አረቄውም፣ ምሳውም! ዛሬ ማንም ኪሱ አይገባም» አልኩት።

የዚያን ሰው ፊት ማየት ነበር። ጀምበር ወጣችበት። «ምሳውም!» አለ ወደ ሚስቱ ዞሮ፤ «ሮስቪታ፣ ምሳውም አለበት! እኔ እኮ ድንጋይ ብቻ የሚያሳዩን መስሎኝ ነበር።» ሴትየዋ አፏን ከፍታ ቀረች። ወዲያው ወደ ወፍጮው በኩል ዞር ብላ አየች፤ ከዚያ በፍጥነት ክንዱን ይዛ ወደ ፊት ጎተተችው። ያኔ ምን እንዳየች አላወቅሁም።

ከከተማው ወጥተን የወንዙን ግድብ ይዘን ሄድን። ኤበርሃርት ከጎኔ አልለይ አለ። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ያየውን ሁሉ ይጠይቃል።

«ይህ በረት ከየትኛው ዘመን ነው?»

«የላም በረት ነው።»

«ገባኝ። የማን የነበረ ነው?»

«የላሞቹ።»

ራሱን በአድናቆት ነቀነቀ። «አጭርና ግልጽ ነው። ብዙ አስጎብኚ ወሬ ያበዛል» አለ። እኔ ብሬመርሃፈን ምን ዓይነት ሰው ነው የቀጠሩት እያልኩ አረቄ ቀዳሁለት። «አንተ» ስለው እሱ «እርስዎ» ይለኛል፤ በጎመን ጉዞ ላይ እርስዎ መባባል በካፖርት እንደመታጠብ ነው።

መንገድ ላይ ጨዋታ አለን። አንዱ የሻይ ውርወራ ነው፤ ውኃ የጠገበች የሻይ ከረጢት ክሯን በጥርስህ ነክሰህ፣ እጅህን ሳትጠቀም በአንገትህ ብቻ አሽከርክረህ ትወረውራታለህ። የእኛ ሰው እየሳቀና እየተንከተከተ ነው የሚወረውረው። ኤበርሃርት ግን ኮፍያውን አወለቀ።

«የዚህ ታሪኩ ምንድን ነው?» አለኝ ዝግ ባለ ድምፅ።

«ታሪክ የለውም። ንከስና ወርውር።»

ነከሰ። ቤተ ክርስቲያን የገባ ይመስል ፊቱን ኮስተር አድርጎ ቆመ። ዕድሜ ልኩን በመስታወት ግራ ቀኝ ሲያይ የኖረ አንገት መሆኑን ማን ያውቃል? ከረጢቷ ከእኛ አልፋ፣ ከጋሪው አልፋ፣ አጥር ዘላ አንዲት ላም ግንባር ላይ ተለጠፈች። ሰዉ በሳቅ አለቀ። ኤበርሃርት ደንግጦ ላሚቱን «ይቅርታ» አላት፤ ከዚያ ራሱም መሳቅ ጀመረ። ከት ከት ብሎ፣ ጉልበቱን ይዞ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ዞር ስል ሚስቱም ታለቅሳለች።

«ምነው እህት፣ አረቄው በዛ እንዴ?» አልኳት።

ያኔ ነው የነገረችኝ። ጋሪውን አብረን እየጎተትን ስለ መስኮቱ፣ ስለ ፌርማታው፣ ስለ ኡልም ነገረችኝ። «ስሙኝማ እመቤት፣ ይሄን ሳቅ ከሰማሁ ሁለት ክረምት አልፏል። ሞቶ ሳይሆን ሞትኩ ብሎ የተቀመጠ ሰው ነው። መቅበር አልችል፣ ማስነሣት አልችል! ለእህቴ አልጋ እንድታነጥፍልኝ ነግሬያታለሁ።» አንጀቴን በላችው። ስለ ጡረታውና ስለ ሮይትሊንገን ግን አላነሣችም፤ ሰውየው የብሬመርሃፈን ቅርንጫፍ አዲሱ ሹፌር ነው ብዬ ስላሰብኩ፣ ሰኞ ለአለቃው ስልክ ደውዬ ብዙ መንገድ እንዲሰጡት እለምናለሁ ብዬ በልቤ ወሰንኩ።

ከዚያ በኋላ ኤበርሃርትን የሚያቆመው ጠፋ። ወሬ አብዝቶ ወደ ኋላ የቀረውን «ወደ ፊት ጠጋ ጠጋ በሉ! መተላለፊያው ላይ አትቁሙ!» እያለ ይነዳዋል። ጋሪው መታጠፊያ ላይ ጭቃ ውስጥ ሲሰምጥ ሁሉንም አስቁሞ፣ መንኮራኩሩን ወዴት ማዞር እንደሚገባ እጁን እያወናጨፈ አስረዳ። በቀጠሯችን ሰዓት የገጠሩ ምግብ ቤት በር ላይ ደረስን። በመጋዘናችን ታሪክ ደርሰን የማናውቀው ነገር ነው፤ ሁልጊዜ ግማሹ ሰው ቦይ ውስጥ ነው የሚቀረው።

የምግብ ቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ቲትየን በር ላይ የጥጃ ሚዛናቸውን አቁመው ጠበቁን። እዚህ ንጉሥ የሚለየው በግምት አይደለም፤ ሰው ሲገባ ይመዘናል፣ በልቶ ሲወጣ ይመዘናል፣ አብልጦ የከበደ ይነግሣል። ኤበርሃርት ሚዛኑ ላይ ወጥቶ «ለደኅንነት ነው?» አለ። «አዎ፣ ለወለሉ ደኅንነት» አሉት ወይዘሮ ቲትየን።

አዳራሹ ውስጥ ስንገባ ጉድ ፈላ። ሁለት ወንበር ጎደለ።

ሁለት ወንበር ጎደለ ማለት ሁለት ሰው ተረፈ ማለት ነው። ፎልከር የሚባል የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ አለን፤ ዓለም ስትጠፋ እንኳ ማነው ያስፈቀደ ብሎ የሚጠይቅ። እሱ ተነሥቶ «ማነው ያለ ቦታው የተቀመጠው?» እያለ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ዞረ። ሁሉም በቦታዬ ነው የተቀመጥኩት አለ። ዞሮ ሲመለስ የራሱም ወንበር ተይዟል፤ ኤበርሃርት ናፕኪን አንገቱ ላይ አስሮ ቁጭ ብሎበታል።

«ወይዘሮ ቲትየን፣ በዚያኛው ክፍል ባዶ ወንበር ሞልቶ የለም እንዴ? ሁለት ያምጡልን» አልኩ።

«እሱ የእሳት አደጋ ሠራተኞች መዘምራን ወንበር ነው፤ ተይዟል።»

«መቼ ነው የሚመጡት?»

«በሚቀጥለው ሳምንት።»

«ታዲያ ዛሬ…»

«የተያዘ ወንበር የተያዘ ነው፤ ቪብከ፣ አንቺ ደግሞ የዚህ አገር ሰው አይደለሽም እንዴ!» ብለው ቆጡኝ። ልክ ናቸው፤ አፈርኩ። እኔ የእጅ ጋሪውን አስገብቼ እሱ ላይ ተቀመጥኩ። ፎልከር ሳህኑን መስኮት ደፍ ላይ አስቀምጦ ቆሞ በላ፤ ጀርባውን ለሁላችንም ሰጥቶ፣ በንዴት እየጎረሰ።

ጎመኑ መጣ። ሲቀርብ ሁሉም ይሻማል፤ ወደ መጨረሻው ግን ነገሩን የሚያውቅ ሰው ሹካውን ቀስ ብሎ ያስቀምጣል። አንዱ ሆዱን ያሻል፣ አንዱ ሐኪም ከልክሎኛል ይላል፣ አንዷ ቋሊማዋን በናፕኪን ጠቅልላ ቦርሳዋ ትከታለች። ንግሥና ማን ይፈልጋል? ኤበርሃርት ግን ከክፍያው ጋር ተካቷል የተባለውን ምግብ ትቶ የሚነሣ የደቡብ ሰው አይደለም። ቋሊማውን በሰናፍጭ፣ ሥጋውን በድንች፣ ጎመኑን በማንኪያ እየዛቀ በላ። «ጨምሩለት!» ይላል ሰዉ በደስታ፤ ይጨመርለታል። ሮስቪታ የራሷን ሳህን ገፋ አድርጋ፣ እጇን አገጯ ላይ ጭና፣ ሲጎርስ ታየዋለች። እንዲያ ያለ ዓይን ሰርግ ቤት እንጂ ጎመን ቤት አይቼ አላውቅም።

ከምሳ በኋላ ተመዘንን። ኤበርሃርት ሚዛኑ ላይ ሲወጣ ወይዘሮ ቲትየን መነጽራቸውን ጠርገው ደግመው አዩ። ጥርጥር አልነበረውም። ሰዉ ጠረጴዛ መደብደብ ጀመረ፤ እኔ የንግሥናዬን ምልክት፣ በቀይ ጥብጣብ የታሰረውን የአሳማ መንጋጋ፣ ከአንገቴ አውልቄ በእሱ አንገት አደረግሁ። እፎይ አልኩ። እሱ ምን እንደተደረገለት የገባው አይመስልም፤ ግን ተነሥቶ ቆመ። ንግግር ማድረግ ፈለገ። አንድ ቃል ሲለምኑት የኖሩት ሰው!

«የተከበራችሁ» አለ፤ «እኔና ባለቤቴ ብዙ ቦታ ጎብኝተናል። እንዲህ ያለ መስተንግዶ ግን አይተን አናውቅም። የብሬመን የጎብኚዎች ቢሮን ከልብ አመሰግናለሁ። በተለይ አስጎብኚያችንን እመቤቲቱን። አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ፤ ካቴድራሉን የምናየው መቼ ነው?»

አንዲት ሹካ ወደቀች።

«የምን የጎብኚዎች ቢሮ?» አለ ፎልከር ከመስኮቱ ዞሮ። «አንተ ከየት ነህ?»

«ከሮይትሊንገን።»

«እዚያ ቅርንጫፍ የለንም!»

ነገሩ በአንዴ ለሁሉም ተገለጠ። ፎልከር ወንበር ለምን እንደጎደለ ገብቶት ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «የመሥሪያ ቤቱን ጎመን ባዕድ በላው! ባዕድ ነገሠ! መንጋጋው ይውረድ!» ብሎ ጮኸ። ኤበርሃርት አንድ በአንድ አየን። ሁላችንንም ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚያየን ሆኖ። ከዚያ መንጋጋውን ቀስ ብሎ አወለቀ፣ ጥብጣቡን አጣጥፎ ሳህኑ አጠገብ አስቀመጠው፣ ወንበሩን ወደ ቦታው አስገባ።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አለ። «የተሳሳተ መስመር ነው የተሳፈርኩት። ሠላሳ ዓመት ሰው እንዳይሳሳት ስናገር ኖሬ…» አልጨረሰውም። አፉ ተዘጋ። ከተቀመጥኩበት ሆኜ ሲዘጋ አየሁት፤ ያ ሮስቪታ የነገረችኝ መስኮት ተመልሶ ፊቱ ላይ መጣ። ሮስቪታ ካፖርቷን አንሥታ አንድ እጇን አስገባች፣ ሁለተኛው አልገባላት አለ። ኡልም ያለው አልጋ ተነጥፏል።

እኔ ሲከፋኝ ማልቀስ አልችልም፤ መጮህ ነው የምችለው። ጋሪው ላይ ወጥቼ ቆምኩ።

«እሺ ፎልከር! ይውረድ! ሰውየው ይሻር! ወይዘሮ ቲትየን፣ ከእሱ ቀጥሎ የከበደው ማን ነበር?»

ወይዘሮ ቲትየን መነጽራቸውን አደረጉ። ዙሪያውን አዩ። ጣታቸው ቀስ ብሎ ተነሥቶ መስኮቱ ደፍ ዘንድ ቆመ።

ፎልከር ቆሞ፣ ተናዶ፣ ማንም ሳያየው በላ ብያችኋለሁ። ለካስ በንዴት የጎረሰው ጎመን ሆድ ውስጥ ቦታ አያጣም። ደነገጠ። የሚቀጥለው ዓመት ጋሪ፣ አረቄ፣ ምግብ ቤት፣ የብሬመርሃፈን ሰዎች ጭቅጭቅ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ፊቱ ላይ ሲያልፍ አየሁ።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ። ጉሮሮውን ጠረገ። «ነገሩን በእርጋታ እንየው። እዚህ የሚነግሠው የመሥሪያ ቤቱ ሰው ነው የሚል ማን ጻፈ? የሚነግሠው የተመዘነ ሰው ነው። ሰውየው ሲገባ ተመዝኗል፤ ሲወጣም ተመዝኗል። ሚዛን ተደርጎ ካበቃ ማንም ሊሽረው አይችልም!» ይህን ብሎ እየሮጠ መጥቶ መንጋጋውን በገዛ እጁ አነሣና ኤበርሃርት አንገት ላይ አጠለቀው። እንዳያወልቀውም ጥብጣቡን ከኋላ ሁለቴ ቋጠረው። «ንጉሥ ሆይ፣ እንኳን ደስ ያለህ!» ብሎ አቀፈው።

ኤበርሃርት ያን ሁሉ ሲያደርጉት እንደ ሐውልት ተገትሮ ነበር። «የነገሠ ሰው ምን ያደርጋል?» አለ በመጨረሻ።

«የሚመጣውን ዓመት ጉዞ አንተ ነህ የምትመራው» አልኩት። «መንገዱን፣ ሰዓቱን፣ ሰዉን፣ ሁሉን። ይሄ ሁሉ ሰው የሚጠብቀው አንተን ነው።»

የመንጋጋውን ጥብጣብ በጣቱ ዳሰሰ። ሮስቪታ ካፖርቷ በግማሽ እንደተንጠለጠለ ቆማለች።

«የመነሻው ሰዓት አይመቸኝም» አለ። «መታጠፊያው ላይ ጭቃው ሳይቀልጥ ማለፍ አለብን። በአሥር ደቂቃ መቅደም አለበት።» ሰዉ አዳራሹን በጩኸት አናጋው። ሮስቪታ ካፖርቷን አወለቀች።

ማታ ወደ ከተማ የመለሰን አውቶቡስ ውስጥ፣ ንጉሡ መንጋጋውን አንጠልጥሎ ከሹፌሩ ጀርባ ቆመ፤ ሹፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው ከሚለው ጽሑፍ ሥር። እስክንወርድ ድረስ ሹፌሩን አነጋገረው። ሮስቪታ እኔ አጠገብ ነበረች።

«አንድ ነገር ልንገርዎት፤ እሱ እንዳይሰማ» አለችኝ። «ጠዋት ወፍጮው ሥር፣ ልንሄድ ስንል፣ አንድ ወጣት ቢጫ ጃንጥላ ይዞ እየሮጠ መጣ። አስጎብኚው እሱ ነው፤ ወዲያው ነው ያወቅሁት። እጁን አውለበለበልን።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ኤበርሃርት ‹ምሳውም!› ብሎ ነበራ። በአንድ ትንፋሽ ስንት ቃል እንደተናገረ አልሰሙትም? ለዚያ ልጅ ራሴን ነቀነቅሁለት፤ ሂድ አልኩት። እንኳን ከጎመን ጋር፣ ከዘራፊ ጋርም ቢሆን እሄድ ነበር» አለችኝ። ስለ እህቷ ልጠይቃት ፈለግሁና ፈራሁ።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ኤበርሃርት ይደውልልኛል። መጀመሪያ ሰኞ ሰኞ፣ በኋላ በየቀኑ። የግድቡ ስፋት ስንት ነው፣ ጋሪው ወደ ኋላ ሲሄድ ስንት እርምጃ ይፈልጋል፣ የእሳት አደጋ መዘምራን ወንበራቸውን ለአንድ ቀን ያውሱናል ወይ? አወሱን፤ እሱ ራሱ ደውሎላቸው ነው። ጭነት ላስወጣ ስል ይደውላል፣ ጥርስ ሐኪም ቤት ተቀምጬ ይደውላል። ፎልከር ቁጥሬን ለውጪ ብሎ መከረኝ። ከፎልከር ምክር ተቀብዬ አላውቅም።

መስከረም ላይ አንድ ቀን ሮስቪታ ደወለች። «ኡልም እህቴ ቤት ነኝ» አለችኝ።

«ምነው? ተመልሶ ዝም አለ እንዴ?»

«ዝም ቢልማ ምን አለ! ያወራል ቪብከ፤ ሲነጋ ጀምሮ ያወራል፤ ስተኛም ያወራል። ሳሎኑን ሁሉ የሻይ ከረጢት አለበሰው፤ መጋረጃዬ እንዳለ ቡናማ ሆኗል። ለጆሮዬ ሦስት ቀን ዕረፍት ስጠኝ ብዬው ነው የመጣሁት። እህቴ ትርፍ ክፍሉን እንዳጸዳችው ነበርና ደስ አላት።»

ስልኩን ከመዝጋቴ እንደገና ጮኸ። እሱ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ እርስዎ አላለኝም።

«ቪብከ፣ አንቺን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ለአስተናጋጅነት ሁለት ሰው… ቆይ፣ አሁን አይመቸኝም። ሮስቪታ ሐሙስ ትመለሳለች፤ ዛሬ ሄጄ የጣቢያውን መግቢያ ማየት አለብኝ፤ በየትኛው በር እንደምትወጣ።»

«ገና ማክሰኞ ነው እኮ!»

«አውቃለሁ።»

«ደግሞም ከኡልም የሚመጣው ባቡር ሁልጊዜ እንደዘገየ ነው» አልኩት፤ ልነካካው ፈልጌ።



«ይዘግይ» አለ ኤበርሃርት። «ቆሜ እጠብቃታለሁ።»